ቆሸሸ፣ አቆሸሸ፣ አስቆሸሸ፦ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የአካባቢን ችግር ሲያመዛዝኑ

በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ የክረምቱ ሙላት ከጎደለ በኋላ፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ አንድ ድልድይ ወረዱ። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከእንጦጦ ተነሥቶ በቀበና በኩል የመጣ፣ በመንገዱም የመሃል ከተማውን ጅረቶች የተቀበለ ነው። ጠቁሯል፤ በድንጋዮቹ ዙሪያም ነጭ አረፋ ይሰበስባል። ግራና ቀኝ ባሉት ዛፎች ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ የተቀዳደዱ ፌስታሎች ተንጠልጥለዋል። ከወንዙ ማዶ የቆስጣና የሰላጣ መደቦች ተዘርግተው ይታያሉ።

መምህርቷ በዚያ ዓመት ቀን እያስተማሩ በማታው መርሐ ግብር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን ይከታተሉ ነበር። ሊያጠኑት ያሰቡት ርእስ ሕፃናት ስለ አካባቢ ችግር የሚያስቡበትን መንገድ የሚመለከት ነው። በዚያን ቀን ግን ለልጆቹ ያቀረቡት አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ወንዙን ማን አቆሸሸው?»

አርባ የሚሆኑ ድምፆች በአንድነት «ሰዎች!» አሉ።

መልሱ ስሕተት የለበትም። መማሪያ መጽሐፉም፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተጻፈውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን መልሱ ከተሰጠ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የቀረ አይመስልም ነበር። ልጆቹ ድርሻቸውን እንደ ጨረሰ ሰው ዘና ብለው ወደ ፌስታሎቹ ይጠቋቆሙና ይሳሳቁ ጀመር። ከመካከላቸው ያልሳቀች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ማዶ ያለውን ቆስጣ ትመለከታለች። መምህርቷ የዚህን ዝምታ ትርጉም የተረዱት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

መፈክርና ምክንያት

የአካባቢ ትምህርት ለኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት እንግዳ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ማዳበርን ከዓላማዎቹ መካከል አስቀምጧል፤ የአካባቢ ሳይንስ የሚባለው ትምህርትም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲም ለአካባቢ ትምህርትና ግንዛቤ ቦታ ሰጥቷል። በዓለም አቀፍ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1975 በቤልግሬድ፣ በ1977 ደግሞ በትብሊሲ የተካሄዱት ጉባኤዎች የአካባቢ ትምህርት ከዕውቀት በተጨማሪ ችግርን የመለየትና የመፍታት ክህሎትን፣ እንዲሁም ተሳትፎን ማዳበር እንዳለበት አስረግጠዋል።

በክፍል ውስጥ በአብዛኛው የሚሰማው ግን መፈክር ነው፦ ቆሻሻ በየቦታው አንጣል፤ ዛፍ እንትከል፤ ወንዞቻችንን እንጠብቅ። መፈክር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን ወጥቶ ችግኝ እንዲተክል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በተገለጸበት ቀን እንደ ታየው፣ ሁሉም የሚረዳው አጭር ቃል ያስፈልጋል። ነገር ግን መፈክር ሁለት ደጋግ ነገሮች ሲጋጩ የሚለው የለውም። የትኛው ዛፍ? በማን መሬት? በጥርና በየካቲት ፀሐይ ማን ያጠጣዋል? የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ማመዛዘን ግድ ይላል።

አዲስ አበባ ራሷ ለዚህ የተሟላ ምሳሌ አላት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጦት ላስጨነቃት አዲስ ከተማ መልስ ሆነላት፤ እንጦጦንም አለበሰው። ኋላ ደግሞ ይኸው ዛፍ ውኃ የሚጠጣ፣ ከሥሩም ሌላ ተክል የማያበቅል ተብሎ ክርክር ተነሣበት። የትናንቱ መፍትሔ የዛሬ ጥያቄ ሲሆን ማየት የአሥር ዓመት ልጅ ሊረዳው የሚችለው ታሪክ ነው፤ በመፈክር መልክ ግን ሊነገር አይችልም።

ፌስታሉ ዛፍ ላይ እንዴት ወጣ?

መምህርቷ ከድልድዩ ከተመለሱ በኋላ «ማን» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። በማግስቱ ይዘውት የመጡት ጥያቄ ከልጆቹ ሳቅ የተወሰደ ነበር፦ ፌስታሉ ዛፍ ላይ እንዴት ወጣ?

ግማሹ ክፍል «ነፋስ አወጣው» አለ። ሌላው ግማሽ «ወንዙ እዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር» አለ። ሁለቱም ሊሆን የሚችል ነው። ታዲያ የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ጥቂት ጸጥታ ከሆነ በኋላ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ነፋስ ቢሆን ኖሮ ፌስታሎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው በየቅርንጫፉ በተበታተኑ ነበር አለ፤ እሱ ያያቸው ግን በሁለቱም ዳር በአንድ ልክ የተንጠለጠሉ ናቸው። በቀጣዩ ሳምንት ጥቂት ልጆች ከመምህርቷ ጋር ወርደው አረጋገጡ። ፌስታሎቹ ወንዙ በራሱ እጅ ያሰመረው የሙላት ምልክት ነበሩ።

ይህ ትንሽ ድርጊት ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ልጆቹ ከአንድ በላይ ማብራሪያ አቀረቡ፤ እያንዳንዱ ማብራሪያ እውነት ቢሆን ምን ሊታይ እንደሚገባ አሰቡ፤ ከዚያም ወርደው አዩ። በከፍተኛ ትምህርት «ንድፈ ሐሳብን መፈተን» የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ባሕርይ የለውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ ወንዙ ለምን ያን ያህል ሞላ የሚል ነበር። የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች ለዚህ ጥያቄ ምስክሮች ናቸው። ገርጂ፣ ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ የሚባሉት ሰፈሮች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃና ወደ አስፋልት የተለወጡ ናቸው፤ ለሚ ኩራም ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በኮንዶሚኒየም የተወለዱ ሲሆኑ የሌሎቹ አያቶች ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ያመርቱ ነበር። መምህርቷ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶችን ከጎን ቀደው በአንዱ ከነሣሩ የተነቀለ አፈር፣ በሌላው ተረግጦ የጠነከረ አፈር ሞሉ። በሁለቱም ላይ እኩል አንድ ኩባያ ውኃ ቀስ እያሉ አፈሰሱ። ከሣሩ ጠርሙስ አፍ ጥቂት ውኃ ዘግይቶ ወጣ፤ ከሌላው ግን ወዲያውና ደፍርሶ ወረደ። አንዲት ተማሪ «አስፋልቱ ውኃውን ይገፋዋል ማለት ነው» አለች። በዓመት ውስጥ ከሚወርደው ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ለሚዘንብባት፣ ሰሜኗ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደቡቧ ወደ አቃቂ ለሚያዘቀዝቅ ከተማ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር የከተማ ፕላን ትምህርት መግቢያ ሊሆን ይበቃል።

ሦስቱ ግሦች

ሕፃናት የአካባቢን ችግር ለማሰላሰል የሚቸገሩት ዕውቀት ስለሚያጥራቸው ብቻ አይደለም። የችግሩ ቅርጽ ራሱ ከለመዱት የምክንያትና የውጤት ቅርጽ የተለየ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ሰባሪው በስፍራው ይገኛል፤ ድምፁም ይሰማል። ወንዝ ሲቆሽሽ ግን አድራጊው ሩቅ፣ ድርጊቱ ትንሽ፣ ውጤቱ የዘገየ፣ ተጎጂውም ሌላ ሰው ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቲና ግሮትዘር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናትና በሌሎች ሥራዎቻቸው እንዳሳዩት፣ ተማሪዎች ምክንያትን በቀጥታ መስመር፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ብቻ እንደሚሄድ አድርገው ማየት ይቀናቸዋል፤ የምክንያቱ ቅርጽ ራሱ ትምህርት ሆኖ ሲቀርብላቸው ግን የተያያዘውን ነገር በተሻለ ይረዳሉ።

መምህርቷ ለዚህ ትምህርት መሣሪያ ያገኙት ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። በዚያው ሳምንት ልጆቹ ግስን ይማሩ ነበር። ሰሌዳው ላይ በሦስት ዓምድ «ፈሰሰ፣ አፈሰሰ፣ አስፈሰሰ» ተጽፎ ከሥሩም «ቆሸሸ፣ አቆሸሸ፣ አስቆሸሸ» የሚል ተጨመረ። አማርኛ በአንድ ሥር ላይ ጥቂት ድምፅ ጨምሮ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። የመጀመሪያው የሆነውን ይነግራል፤ ሁለተኛው በእጁ ያደረገውን ይጠራል፤ ሦስተኛው እጁን ሳያነሣ ሌላውን ያስደረገውን ያወጣል። ብዙ የአካባቢ መፈክሮች በሁለተኛው ዓምድ ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ አንዳንድ ሪፖርቶች ደግሞ «ተበክሏል» ብለው በመጀመሪያው ዓምድ ይጠለላሉ።

ልጆቹ በየቡድናቸው አንድ አንድ ነገር ይዘው በዓምዶቹ ውስጥ እንዲያስቀምጡ ተጠየቁ። ፌስታል የደረሰው ቡድን ብዙ ተከራከረ። ጣለው የሚባለው ልጁ ነው። ያስጣለውስ? ባለሱቁ ከሸቀጡ ጋር አብሮ ሰጠው፤ ባለሱቁም ከአከፋፋይ ገዛው፤ አከፋፋዩም ከፋብሪካ። መምህርቷ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በቀላሉ የማይበሰብስና ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዲመረት ወይም ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን እንደ ከለከለ ነገሯቸው። ልጆቹ ተደነቁ፤ አዋጁ ከእነርሱ ይበልጥ ዕድሜ አለው። ታዲያ እነዚህ ስስ ፌስታሎች ከየት መጡ? አንዱ ተማሪ ለዚህ የሚሆን ቦታ በሦስቱ ዓምዶች ውስጥ ስላጣ ከጎን አራተኛ ዓምድ አሰመረና «አይቶ ዝም ያለ» ብሎ ጻፈበት።

በቦታ ርቀት ላይም ተመሳሳይ ሥራ ተሠራ። «ጣልኩት» ማለት ወዴት ማለት ነው? የደረቁ ቆሻሻ ጉዞ የሚያበቃበትን ቆሼን ሁሉም በስም ያውቁታል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት፣ በዙሪያው ሰው የሚኖርበት ስፍራ መሆኑን ግን ጥቂቶቹ ብቻ ሰምተው ነበር። የወንዙን ጉዞ በካርታ ሲከተሉ ደግሞ ሁሉም «ባሕር ይገባል» ብለው ገመቱ። ካርታው ሌላ አሳያቸው። ውኃው ወደ ታላቁ አቃቂ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ ተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በአቤ ሐይቅ ዘንድ ያልቃል። ከቦሌ የተደፋው ነገር ከአገሩ አይወጣም።

ለጥቃቅን ድርሻዎች መደመር ደግሞ አንድ የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ረዳቸው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ልጆቹ ይህንን ለመተባበር ማስተማሪያ አድርገው ያውቁታል። መምህርቷ ገልብጠው ጠየቁ፦ ሃምሳ ሰው እያንዳንዱ አንድ አንድ የበሰበሰ ሎሚ ወደ አንዲት ሴት ደጅ ቢጥልስ? ለጣዩ ምንም አይደለም፤ ለእርሷ ግን ሸክም ነው። ያ ጥያቄ ከተነሣ ወዲህ «የኔ አንዷ ምን ታደርጋለች?» የሚለው አባባል በክፍሉ ውስጥ በቀላሉ የሚያልፍ አልሆነም።

ሙግቱና ወሰኑ

የማመዛዘን ትምህርት ከውጭ የሚመጣ ስጦታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሞንትክሌር የሕፃናት ፍልስፍና ተቋም የተመሠረተበት የማቲው ሊፕማን ትምህርት፣ ልጆች ክብ ሠርተው እየተጠያየቁ እንዲያስቡ ያደርጋል። በኢትዮጵያም ሰው በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ምክንያቱን በሰው ፊት እየዘረዘረ የሚሟገትበት የ«ተጠየቅ»ና የ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ለዘመናት ኖሯል። ተሟጋቹ ተጠያቂውን በጥያቄ ይይዛል፤ ተጠያቂው ይመልሳል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ዳኛው ይሰማል። በጨዋታም በኩል እንቆቅልሽ ልጆችን ከአንድ ምልክት ወደ ስውር ነገር እንዲያስቡ ያለማምዳል።

መምህርቷ ክፍሉን ችሎት አደረጉት። አንዱ ወንዙን፣ አንዱ ፋብሪካውን፣ አንዱ የኮንዶሚኒየሙን ነዋሪ፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤቱን፣ አንዱ አትክልት አምራቹን፣ አንዱ ሐኪሙን ሆኖ ቆመ። የልጆቹ አንደበት ተፈታ፤ በሌላ ቀን የማይናገሩት ተናገሩ። ሆኖም የሙግት ቅርጽ ከአካባቢ ችግር ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ሙግት አንድ ረቺና አንድ ተረቺ ይፈልጋል። ወንዙ የቆሸሸው ግን ከፋብሪካ በሚለቀቅ ፍሳሽ፣ ከመኪና እጥበት በሚወርድ ዘይት፣ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሳይገናኙ ለረጅም ዘመን በቆዩ ቤቶች፣ በገበያ ጥራጊና በክረምት ጎርፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ደንቦች ተጨመሩ። አንደኛ፣ ከሳሽ ሌላውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን ድርሻ ይናገር። ሁለተኛ፣ ዳኛው የሚፈርደው «ጥፋተኛው ማን ነው?» በሚለው ላይ ሳይሆን «ከዚህ ሰንሰለት የቱ ቀለበት ቢበጠስ ብዙ ነገር ይለወጣል?» በሚለው ላይ ይሁን።

ደንቡ ቢኖርም ነገሩ ከእጅ ወጣ። ሐኪም ሆኖ የቆመው ልጅ፣ በዚህ ውኃ የሚበቅል ቆስጣ ሰውን ያሳምማል፤ ስለዚህ ቆስጣ የሚሸጡት ሴቶች መርዝ ሻጮች ናቸው ብሎ ጮኸ። ክፍሉ አጨበጨበ። በዚህ ጊዜ በድልድዩ ላይ ያልሳቀችው ልጅ ምንም ሚና ሳይሰጣት ተነሣች።

«ቆስጣው የእማዬ ነው» አለች። «እማዬ ታጠጣዋለች እንጂ ውኃውን አላቆሸሸችውም።»

ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሌሎቹ ልጆች የሣሉት ሁሉ መስመር ነበር፤ ከቤት ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ታች። እርሷ ከኮንዶሚኒየሙ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ቆስጣው፣ ከቆስጣው ደግሞ ጠዋት ጠዋት መጥተው ወደሚገዙት ሴቶች፣ ከእነርሱም ተመልሶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ አሰመረች። በክፍሉ ውስጥ የተሣለው የመጀመሪያው ክብ ይህ ነበር።

ቆስጣው

በሦስተኛው ቀን የልጅቱ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«መምህር፣ ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሯት? ቆስጣውን አልበላም ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ እንጀራ በላች። እኔ እኮ ያሳደግኳት በዚሁ ቆስጣ ነው።»

መምህርቷ ከማታው ትምህርት የያዙት ንባብ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ሊረዳቸው አልቻለም። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የሚበቅሉ አትክልቶች ጉዳይ ለተመራማሪዎች አዲስ አይደለም፤ ፍስሐ ኢታና በከተማዋ በሚበቅሉ ቅጠላማ አትክልቶች ውስጥ ስለሚገኙ ብረቶችና ለጤና ስላላቸው ትርጉም ያሳተሙት ጥናት እ.ኤ.አ. የ2002 ነው። ሆኖም ጥናት አንብቦ መረዳት አንድ ነገር ነው፤ የጥናቱ ውጤት በአንድ ቤት ምሳ ላይ ሲያርፍ ማየት ሌላ ነው። ልጅቱ ያመዛዘነችው ትክክል ነበር። ትክክል ማሰቧ ግን ከእናቷ ሞሰብ አራቃት። ለድሃ ልጅ የአካባቢ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ቅርብ ነው፤ ስለ ሩቅ ደን ወይም ስለ በረዶ ድብ አያወራም።

መምህርቷ ራሳቸውን ለመከላከል አልሞከሩም። ያስተማሩት እውነት እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ሳይጨርሱ እንደ ተዉት አመኑ። ከዚያም እናቲቱ ለአንድ ክፍለ ጊዜ መጥተው ለልጆቹ ስለ ወንዙ እንዲነግሯቸው ለመኑ። በችሎቱ ቋንቋ ሲነገር፣ ተከሳሽ ተደርገው የነበሩት ሴት በምስክርነት ተጠሩ።

እናቲቱ በቀጣዩ ሳምንት መጡ። ስለ ወንዙ የሚያውቁት በክፍሉ ውስጥ ካለ ከማንም ይበልጣል። ውኃው ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ እንደ ሆነ፣ በሳምንቱ ውስጥ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቀን፣ አረፋው ሲበዛ ባልዲያቸውን እንደማያነሡ ተናገሩ። ልጆቹ ጠየቁ። ለምን በቧንቧ ውኃ አያጠጡም? «የቧንቧው ለመጠጥም በፈረቃ ነው የሚመጣ፤ ለቆስጣ ከየት ይተርፋል?» አንድ ልጅ ደግሞ ማንም ያልደፈረውን ጠየቀ፦ እርስዎ ራስዎ ይበሉታል? እናቲቱ ጥቂት ቆዩ። «እበላለሁ» አሉ። «አጥቤ፣ ቀቅዬ እበላለሁ። ልጆቼንም አበላለሁ። ሌላ የለኝማ።»

ከዚህ ምስክርነት በኋላ የተሰጠው ትምህርት ከሁሉም የተሻለው ነበር፤ ምክንያቱም «ቆሻሻ» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ከፈለው። በውኃው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አንድ ነገር ናቸው፤ መቀቀል ይገድላቸዋል፣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይቀንሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የቆሻሻ ውኃ አጠቃቀም መመሪያ አንድ ትልቅ መከላከያ ባይገኝ ትናንሽ መከላከያዎችን መደራረብ እንደሚቻል ያመለክታል፦ ውኃውን አጠራቅሞ ማዝቀጥ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ሥሩን ማጠጣት፣ ከመቁረጡ በፊት ለጥቂት ቀናት ማጠጣትን ማቆም፣ ከዚያም ማጠብና ማብሰል። ብረቶች ግን ሌላ ናቸው። ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት እሳት አያጠፋውም። ይህኛው ሊቆም የሚችለው ከምንጩ፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ባሉበት ስፍራ ብቻ ነው። ልጆቹ የእናቲቱ እጅ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን ለይተው አስቀመጡ። ሐኪም ሆኖ የነበረው ልጅ በደብተሩ ላይ ሰላጣ ከቆስጣ ይልቅ እንደሚያሰጋ፣ ምክንያቱም ሰላጣ ጥሬውን እንደሚበላ ጻፈ። ማንም አልነገረውም፤ ከሁለቱ እውነቶች ራሱ ያወጣው ነው።

ለጥናት የሚቀረው

የዚህን ክፍል ታሪክ የድል ታሪክ ማድረግ አይገባም። ወንዙ አልጠራም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በድምሩ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የሸገር የወንዝ ዳርቻ ልማትን የመሰለ ሥራ በየወንዙ ዳር ሲስፋፋ፣ ዳርቻው ሲጸዳ በዚያ ቆስጣ ለሚተክሉት ምን ይተርፋቸዋል የሚለው ጥያቄ በልጆቹ ተነሥቶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ልጅቱ ቆስጣውን እንደ ገና መብላት ጀምራ እንደ ሆነ መምህርቷ አልጠየቁም።

ሆኖም ከዚህ ልምድ ለተመራማሪዎች የሚሆኑ ሦስት ጉዳዮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የምዘና ጉዳይ ነው። «እውነት ወይም ሐሰት» የሚለው ፈተና «ወንዝን የሚያቆሽሹ ሰዎች ናቸው» ለሚል ልጅና ክቡን ለሣለችው ልጅ እኩል ነጥብ ይሰጣል። ልጁ መልሱን ብቻ ሳይሆን ለመልሱ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ቢያይ ሐሳቡን እንደሚለውጥ የሚጠየቅበት መመዘኛ በአማርኛ ሊዘጋጅ ይገባል። ሁለተኛው የቋንቋ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ በትምህርት ውስጥ ያለው ሚና ብዙ ጊዜ በመረዳት ችሎታ ብቻ ይለካል። የግሥ እርባታ የምክንያት ትስስርን ለማሰብ የሚሰጠው እገዛ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል፤ ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ የሚወሰን ስላይደለ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ሊመረመር ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሥነ ምግባር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ልጅን እንዲያመዛዝን ያስተማረ መምህር፣ ምዘናው ወዴት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ አያውቅም። አንዳንዴ ወደ ፋብሪካ፣ አንዳንዴ ወደ ቢሮ፣ አንዳንዴም ወደ ገዛ ቤቱ ይመልሰዋል። ማመዛዘን ከሚዛን የወጣ ቃል ነው፤ ሚዛን ደግሞ ሁለት ሳሕን አለው። በአንዱ ላይ የወንዙ ጉዳት ሲቀመጥ በሌላው ላይ የባልዲ ተሸካሚዋ ሕይወት ካልተቀመጠ፣ ልጁ የተማረው መፍረድን እንጂ ማመዛዘንን አይደለም። መምህራን በሥልጠናቸው ጊዜ ለዚህ ደቂቃ የሚዘጋጁበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል።

በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ያው ክፍል ወደዚያው ድልድይ ወረደ። ፌስታሎቹ ፀሐይ አንጥቷቸው እንደ ተንጠለጠሉ ናቸው። መምህርቷ የጥቅምቱን ጥያቄ ቃሉን ሳይለውጡ ደገሙት፦ «ወንዙን ማን አቆሸሸው?» በዚህ ጊዜ በአንድነት የተናገረ አልነበረም። አንዱ ከላይ ያለውን የቱቦ አፍ አሳየ፤ ሌላዋ ዛሬ ቀኑ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ አንዱ «መቼ?» አለ። ልጅቱም ማዶ መደቡ ላይ ጎንበስ ብለው ወደሚሠሩት እናቷ እጇን አውለበለበች።